በበርበሬ ስም የፈረሰ ግድግዳ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው የራሱ ቤት አለው ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ እስቲ አረፍ በሉና ላጫውታችሁ። ቁልፉ የራስህ ነው፤ ቆጣሪው የራስህ ነው፤ ግድግዳው ግን የሕዝብ ነው። አንዲት ምስማር ስትመታ የላይኛው ጎረቤት በእግሩ ወለሉን ይደበድባል፣ የታችኛዋ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትጎስማለች፣ የጎኑ ደግሞ ጭራሽ በግድግዳው በኩል «ትንሽ ወደ ግራ አድርገው!» ይልሃል። እኔ እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ባለበት ሰዓት ግድግዳ ያፈረስኩት።

ነገሩን የጀመረችው ባለቤቴ አስካለ ናት። አንድ ቀን ሳሎናችን መሀል ቆማ እጆቿን ግራና ቀኝ ዘረጋች። አንዱ እጇ ቴሌቪዥኑን ነካ፤ ሌላው የኩሽናውን ግድግዳ።

«አየህ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሽማግሌ ቢመጣ የት ይቆማል?»

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ልጃችን ልንገራችሁ። ማህሌት አንድ ናት፤ ሌላ የለንም። ቃሊቲ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ፋርማሲስት ሆና ትሠራለች። ዮናስ የሚባል፣ ኮዬ ፈጬ የሚያስተምር፣ ረጋ ያለ ልጅ ወዳለች። ረጋ ያለ ያልኩት እኔ ጨዋ ሰው ስለሆንኩ ነው፤ አስካለ እንደምትለው ከሆነ ልጁ ከመርጋቱ የተነሳ እርጎ ሆኗል። መዋደዳቸውን ሰፈሩም፣ ባለሱቁም፣ የታክሲ ረዳቶቹም ያውቃሉ። ሽማግሌ ላክ ሲባል ግን «መጀመሪያ ኮንዶሚኒየም ይውጣልኝ» ይላል። እዚህ አገር ኮንዶሚኒየም እስኪወጣለት ጠብቆ ያገባ ሰው ካለ፣ ሚዜ የሆኑለት የእኩዮቹ የልጅ ልጆች መሆን አለባቸው።

አስካለ ግን ጥፋቱን ከዮናስ ላይ አንስታ ግድግዳው ላይ ጣለችው። ሽማግሌ የማይመጣው ቦታ ስለሌለን ነው አለች። እንደምታውቁት ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ እሺ እስኪባል ድረስ ቁጭ በሉ ቢሉት አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው የሚለምነው። የእኛ ሳሎን ደግሞ ሰው ቁጭ ካላለ በስተቀር አያስኬድም። ሦስት ሽማግሌ ከነጋቢያቸው ከቆሙበት፣ እኔ የልጅቷ አባት መልስ የምሰጠው ደረጃው ላይ ሆኜ ነው ማለት ነው።

«ይሄ ግድግዳ ይነሳና ኩሽናውና ሳሎኑ አንድ ይሁኑ። ቦታ ሲኖር እንግዳ ራሱ ይመጣል» አለች።

አስካለ ስትናገር ግማሹን አምንላታለሁ፤ ግማሹን ደግሞ እፈራዋለሁ። ስለዚህ በማግስቱ ፈቃድ ልጠይቅ ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሄድኩ።

ሊቀመንበራችን ሻምበል ታፈሰ ይባላሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚያዙት ጦር ስላጡ የእኛን ብሎክ ያዛሉ። ሌላው ሰው ዳዊት እንደሚደግመው እሳቸው የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ በቃላቸው ይደግሙታል። ልብስ በየትኛው በኩል እንደሚሰጣ፣ ሙቀጫ በየትኛው ሰዓት እንደሚወቀጥ፣ የበዓል በግ ደረጃ ሲወጣ ማን ከኋላ ሆኖ እንደሚገፋው ሳይቀር አንቀጽ አለው። አንድ ጊዜ በረንዳዬ ላይ ጎመን ብተክል መጥተው «አበባ ነው የተፈቀደው» አሉኝ። ጎመኑ ሲያብብ ጠርቻቸው አሳየኋቸው፤ አልሳቁም።

«የውስጥ እድሳት ነው የምትለኝ?» አሉ።

«አዎ፣ ሻምበል።»

«ቀለም ከሆነ ቀባ። ሴራሚክ ከሆነ አሳውቀህ አንጥፍ። ግድግዳ ከሆነ ግን...» ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባርኔጣ የሚያወልቁት ለባንዲራና ለደንብ ብቻ ነው። «ግድግዳ ከሆነ ጠቅላላ ጉባኤው ነው የሚወስነው።»

«ግድግዳው እኮ ምንም አልተሸከመም፤ የመከፋፈያ ብሎኬት ነው። መሐንዲስም ግንበኛም አይተውታል።»

«እኔም አውቃለሁ። ቤቱን አልተሸከመም፤ ደንቡን ግን ተሸክሟል።»

«ታዲያ ጉባኤው መቼ ነው?»

«ምልዓተ ጉባኤ ሲሟላ ነዋ!»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጉዱ። የእኛ ማኅበር ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶለት አያውቅም። ሻምበል ማስታወቂያ ይለጥፋሉ፤ እሁድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ወንበር ደርድረው፣ ከረባት አስረው ይጠብቃሉ። የሚመጣው እኔ ነኝ፣ የተባለውን ሁሉ የሚቃወም አንድ ጎረቤታችን ነው፣ ፀሐይ ሊሞቁ የወጡ አንድ አዛውንት ናቸው። ሌላው ሰው ወይ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወይ ልብስ ያጥባል፣ ወይ በመስኮት ሆኖ ማን እንደመጣ ያያል። ከግማሽ በላይ ነዋሪ ካልተገኘ ደግሞ ደንቡ አይፈቅድም። ሻምበል ሰዓታቸውን አይተው ይነሱና «ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ ስብሰባው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ብለው ለእኛ ለሦስታችን በታላቅ ድምፅ ያስታውቃሉ። ከዚያ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ተሸክመው ይመልሳሉ። አንዳንዴ አንጀቴን ይበሉታል፣ እውነቴን ነው።

ይህን ለአስካለ ስነግራት ከት ብላ ሳቀች።

«ምልዓተ ጉባኤ እስኪሟላ ማህሌት ጡረታ ትወጣለች። ግንበኛውን ሸምሱን ጥራው።»

«ድምፁስ? መዶሻ ሲመታ ሻምበል ቤታቸው ሆነው አይሰሙም?»

«በቀን በርበሬ መውቀጥ ደንቡ ይከለክላል?»

«አይከለክልም።»

«በቃ!»

በዚህ ዓይነት ነው በበርበሬ ስም ግድግዳ ማፍረስ የጀመርነው። ሙቀጫው ሰው እንዲያየው በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ግንበኛው ሸምሱ ውስጥ ሆኖ መዶሻውን ሲያነሳ አስካለ ውጭ ዘነዘናዋን ታነሳለች፤ እሱ ሲያሳርፍ እሷም ታሳርፋለች። ሸምሱ ጨዋታ የሚወድ የስልጤ ልጅ ነው። መጀመሪያ የቀለድንበት መስሎት ተቆጥቶ ነበር፤ ምቱ ሲገባው ግን «እትዬ አስኩ፣ አብረን! ሆ በይ!» እያለ ይመራት ጀመር። አስካለ እውነተኛ በርበሬ ለውሸት አላባክንም ብላ የምትወቅጠው ደረቅ በቆሎ ነበር።

የእኔ ሥራ ምን ነበር መሰላችሁ? ማስነጠስ! በርበሬ እየተወቀጠ ሰው ካላስነጠሰ ማን ያምናል? በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሜ በየመሀሉ «እንጥሽ!» እላለሁ፤ ከሥር የሚያልፈው ሁሉ ቀና ብሎ «ይማርህ!» ይለኛል። መጀመሪያ ላይ አፍሬ ነበር፤ በኋላ ግን ሙያው ገባኝና በዓይነት በዓይነቱ ማስነጠስ ጀመርኩ። የብሎኬቱ አቧራ ወደ በረንዳው ሲመጣ ደግሞ የምር ያዘኝና ማቆም አቃተኝ። ዓይኔ ቀልቶ፣ አፍንጫዬ አብጦ አልጋ ላይ ስወድቅ አስካለ «ይሄን ያህል እንኳ አላልኩህም» አለችኝ።

ግድግዳ ማፍረሱ ምንም አይደለም፤ ጣጣው የፈረሰውን ማውጣቱ ነው። ፍርስራሹን ጆንያ ውስጥ ሞልተን እኔና ሸምሱ በደረጃው ስናወርድ እትዬ ጌጤ በራቸው ላይ ቆመው አገኘናቸው። እትዬ ጌጤ ከሥራችን ያሉት ጎረቤታችን ናቸው። በብሎካችን ሠርግም ሆነ ክርስትና ያለ እሳቸው ፈቃድ ጭልፋ ድስት ውስጥ አይገባም።

«ምንድን ነው የምታወርዱት፣ የማህሌት አባት?»

አስካለ ከላይ በደረጃው ክፍተት አንገቷን አስግጋ «እህል ነው፣ እትዬ ጌጤ! ወፍጮ ቤት እየሄደ ነው!» አለች።

ወፍጮ ቤት ከተባለ ዝም ብለው የሚያሳልፉን መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ደግ ሰው ናቸውና ነጠላቸውን አደግድገው የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዙልን። ያዙና ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ኧረ በስመአብ! ምን ዓይነት ጤፍ ነው እንዲህ የሚከብደው?»

«ማኛ ነው» አልኩ።

«ማኛ እንዲህ ይከብዳል እንዴ?»

«የአዳ ማኛ ነው፣ እትዬ» አለ ሸምሱ ከታች ሆኖ።

ለአዳ ማኛ ማን መልስ አለው? እትዬ ጌጤ ወገባቸውን ይዘው እስከ ምድር ቤት አወረዱልን። ሸምሱም የመጨረሻውን ጆንያ ጥሎ ሲመለስ ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ አቧራ ለብሶ ስለነበር፣ ያየው ሁሉ «ወፍጮው ሰልፍ ነበረው?» ይለዋል። እሱም «ኧረ አያድርስ!» እያለ ያልፋል።

አሁን እስቲ እናንተው ፍረዱ። ቀን ቀን በርበሬ ይወቀጣል። ጆንያ ጆንያ እህል ወፍጮ ቤት ይወርዳል። የቤቱ አባወራ በረንዳ ላይ ዓይኑ ቀልቶ ይታያል። ቤት ውስጥ ደግሞ ለወግ ለማዕረግ የደረሰች ልጅ አለች። እናንተ ጎረቤት ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እነሱም ያንኑ አሉ።

እትዬ ጌጤ መጡ። ያን ጊዜ የፈረሰውን ቦታ ከዳር እስከ ዳር በአበባማ መጋረጃ ሸፍነን፣ አስካለ ከፊቱ ወንበር አስቀምጣ እንደ ዘበኛ ትቀመጥበት ነበር። እትዬ ጌጤ ቁጭ እንኳ አላሉም።

«የማህሌት እናት፣ እኛ ባዳ ነን ወይ? ማህሌት በእኛ እጅ ያደገች አይደለችም? ልጅ ስትድሩ ለብቻችሁ ትወቅጣላችሁ? ለብቻችሁ ታስፈጫላችሁ?» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

አስካለ ወደ መጋረጃው አየች፤ ወደ እትዬ ጌጤ እንባ አየች። የግድግዳውን ምስጢር ከማውጣት ልጇን መዳር ቀለላት።

«ድንገት ሆኖብን ነው እኮ፣ እትዬ። እሁድ ነው።»

«እሁድ?» አልኩ እኔ።

«እሁድ!» አለች አስካለ፣ እግሬን እየረገጠች።

እትዬ ጌጤ እልልታውን አቀለጡት። እልልታ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የሰማች ሁሉ ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ትቀበላለች። የላይኛዋ ከላይ፣ የምድር ቤቷ ከታች፣ ከፊት ለፊት ብሎክ ልብስ የምታሰጣ ሴት ሳትቀር ተቀበለች። እኔ መጋረጃውን ይዤ ቆሜያለሁ።

ማህሌት ያን ቀን ከሥራ ስትመጣ ከታክሲ ከወረደችበት ጀምሮ «እንኳን ደስ ያለሽ» እያሏት፣ ባለሱቁ «ለሙሽሪት» ብሎ ማስቲካ በነፃ ሰጥቷት ነው ደረጃውን የወጣችው። በሩን ከፈተች። ቦርሳዋን አስቀመጠች። ረጋ ብላ ጠራችኝ።

«አባዬ።»

«ወዬ፣ ልጄ።»

«ማንን ነው የማገባው?»

እኔ አስካለን አየኋት፤ አስካለ ጣሪያውን አየች። ከዚያ አንዱን ሳናስቀር ነገርናት። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችና መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከሳቋ መሀል ግን ፊቷ ተለዋወጠ። ለካስ በዚያው ሰሞን ከዮናስ ጋር ተኳርፈዋል። «እኔን ወይ ኮንዶሚኒየሙን ምረጥ» ብላው፣ ቢደውልም አታነሳለትም።

«እሁድ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሙሽራው የታለ ሲል ምን ልትሉ ነው?» አለች። «እኔ እዚህ ሰፈር ሙሽራው የጠፋባት እየተባልኩ ነው የምኖረው። ለእናንተ ግድግዳ ነው፤ እኔ ግን ነገም በዚህ ደረጃ ነው የምወርደው።»

ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብታጋጨው ይሻለኝ ነበር። ለእሷ ደስታ ብለን በጀመርነው ነገር ልጄን ልናዋርዳት መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። ሻምበል ግድግዳውን አስመልሰው ቢያስገነቡኝም ይሁን፤ ሄጄ እውነቱን ልናገር ብዬ ወሰንኩ።

በማግስቱ ሻምበልን ያገኘኋቸው ግቢው ውስጥ የዕድሩን ድንኳን ሲያስተክሉ ነው።

«ሻምበል፣ አንድ ነገር ልነግርዎ...»

«ዝም በል! ቅር ብሎኛል» አሉኝ። «ድግስ ሲኖር ለማኅበሩ አስቀድሞ ማሳወቅ ደንብ ነው። አላሳወቅክም።»

«እሱን እኮ ነው...»

«ግን እንዳሳወቅክ ቆጥሬ አልፌዋለሁ።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ደንብ ሲጥሱ በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። «ማህሌት የደም ግፊት መድኃኒቴን ከቃሊቲ ድረስ ይዛልኝ ስትመጣ አንድም ቀን ደክሞኛል ብላ አታውቅም። ለእሷ ያልሆነ ድንኳን ለማን ሊሆን ነው? በል ሂድ፤ ምስጋናውን በኋላ ታደርሳለህ።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እናንተ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር? እኔ አልቻልኩም። ካስማውን ይዤ አብሬ ድንኳን ስተክል ዋልኩ።

እሁድ ደረሰ። የብሎኩ ሴቶች ቢላዋና ትሪያቸውን ይዘው ወረዱ። ኮሚናል የምንለው የጋራ ማብሰያ ቤት በሽንኩርት ተጥለቀለቀ። ከየቤቱ እንጀራ በመሶብ መጣ። እኔም ምን አማራጭ አለኝ፣ ሁለት በግ ገዝቼ ገባሁ፤ አንዱን ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሸምሱ ባርኮ አረደው፤ ለእነሱ ድስቱም ለብቻ ተጣደ። ሽንኩርቱ ሲቁላላ እትዬ ጌጤ ጭልፋቸውን ይዘው አስካለን ጠሩ።

«በይ ያን የተወቀጠ በርበሬ አምጪው!»

አስካለ ሮጣ ከጉራጌው ሱቅ የገዛቻትን አንዲት ትንሽ ፌስታል አቀበለቻቸው። እትዬ ጌጤ ፌስታሏን አገላብጠው አዩዋት።

«ያ ሁሉ ሲወቀጥ ሰንብቶ ይቺ ናት የወጣችው?»

«ደቆ ነው፣ እትዬ» አለች አስካለ።

ሰው በሰው ላይ መጣ። ድንኳኑ ሞላ፤ ትልልቆቹ ሰዎች እኛ ቤት ገቡ። ሻምበል ከረባታቸውን አስረው ከመጋረጃው አጠገብ ቆመዋል፤ አስካለ ከፊቱ ካለው ወንበሯ ንቅንቅ አትልም። ማህሌት ክፍሏ ውስጥ ናት። «ሙሽራው የት ደረሰ?» ባሉኝ ቁጥር «መንገድ ላይ ነው፤ ቃሊቲ ተዘግቶበት ነው» እላለሁ፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ቃሊቲ ላይ ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፎ ያልዋለ ማን አለና! ግን ቃሊቲም ልክ አለው። ሰዓቱ ገፋ፤ ሰው ሰዓቱን እያየ መንሾካሾክ ጀመረ። ከዚህ በላይ ልጄን ማሰቃየት አልችልም ብዬ ብድግ አልኩ።

«ወገኖቼ» አልኩ። «አንድ የምነግራችሁ ነገር አለ።»

በሩ ተንኳኳ።

ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከደረጃው ድካም የተነሳ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። አንደኛው ጋቢ ለብሰዋል፣ ሁለተኛው ሙሉ ልብስ፣ ሦስተኛው ጃኬት ደርበዋል። ከኋላቸው ዮናስ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎ ቆሟል። በኋላ እንደሰማነው ያገናኘን ሸምሱ ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ዮናስ በተከራየበት ግቢ ሴራሚክ ሲያነጥፍ፣ መዋደዳቸውን እሱም ሰምቶ ነበርና፣ በጨዋታ መሀል «ማህሌት እኮ እሁድ ልታገባ ነው» ይለዋል። ዮናስ ደንግጦ «ማንን?» ሲል፣ ሸምሱ «ሙሽራውን አላየሁትም፤ ግን ለእሱ ሲባል ግድግዳ ፈርሷል። ቀላል ሰው አይመስለኝም» አለው። ያ እርጎ የተባለ ልጅ ያን ጊዜ ተናጠ። አጎቱን ከቤተ ክርስቲያን፣ ርዕሰ መምህሩን ከገበያ፣ አከራዩን ከቡና ቤት ሰብስቦ ሚኒባስ ኮንትራት ይዞ መጣ።

«ግቡ፤ አረፍ በሉ» አልኩ፣ ግራ እንደተጋባሁ።

«አንቀመጥም» አሉ ባለጋቢው አጎት። መቀመጫም አልነበረም። «የመጣንበት ጉዳይ አለ። ልጃችሁን ማህሌትን ለልጃችን ለዮናስ እንድትሰጡን ልንለምን ነው። ሌላ ሰው ቀድሞን ከሆነም፣ ቃል ሳይታሰር ደርሰን እንደሆነ ብለን ነው እንጂ... እግራችሁ ላይ እንወድቃለን።»

«ሽማግሌ? በሠርጉ ቀን?» አሉ እትዬ ጌጤ፣ ጭልፋቸውን እንደያዙ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ሳትጠየቅ ነው የተወቀጠው?»

አስካለ እንግዶቹን ልትቀበል ከወንበሯ ተነስታ ነበር። ሻምበል ደግሞ ለሽማግሌዎቹ ቦታ ሊለቁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱና፣ እንደ ትልቅ ሰው ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ደገፍ አደረጉ።

ግድግዳ የለማ!

መጋረጃው፣ ዘንጉ፣ ሻምበል ተከታትለው ኩሽና ገቡ። ደግነቱ የሽንኩርት ልጣጭ የተሞላ ትልቅ ጆንያ ተቀበላቸው። ድምፁን የሰማ ሁሉ ምን ሆነ እያለ ከድንኳኑ ወደ ላይ ጎረፈ። ሻምበል ትከሻቸው ላይ ልጣጭ እንደተለጠፈ ቀስ ብለው ተነሱ። ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ።

«ግድግዳው የት ሄደ?»

እትዬ ጌጤ ቀዳዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሸምሱን አዩና ወገባቸውን ያዙ።

«ያ ማኛ!»

ከዚያ በኋላ ምን ይደበቃል? ሁሉንም ዘረገፍኩት። «ሠርግ የለም» አልኩ። «በርበሬም የለም፤ ማኛም የለም። ያለው ይኸው ቀዳዳው ነው። ማህሌት ምንም አላጠፋችም። ልጃችንን የሚጠይቅ ሰው የሚቆምበት ቦታ ይኑረው ብለን እኛ ነን ያበድነው። ይቅርታ አድርጉልን።»

ያን ጊዜ የማህሌት ክፍል በር ተከፈተ። ዓይኖቿ ቀልተዋል። ከዚያ ሁሉ ሰው ዮናስን ብቻ አየች።

«ኮንዶሚኒየም ወጣልህ?»

«አልወጣም» አለ ዮናስ።

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ቤቱ ይቅር። አንቺን ካጣሁ ቤት ምን ያደርግልኛል? ፈርቼ ነው የመጣሁት፣ ማህሌት። በጣም ፈርቼ።»

እትዬ ጌጤ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሻምበል እጃቸውን አነሱ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሰውን ነው የሚያዩት። ሳሎኑን አዩ፤ ኩሽናውን አዩ፤ ኮሪደሩን፣ እስከ ታች ድረስ ሰው የተደረደረበትን ደረጃ አዩ። ከንፈራቸው ይቆጥራል። ፊታቸው ቀስ በቀስ በራ።

«ከግማሽ በላይ!» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና ብሎኩን በሚያናውጥ ድምፅ ተናገሩ። «ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል! ጠቅላላ ጉባኤው ተከፍቷል! ማንም እንዳይወጣ!»

«ሽማግሌዎቹ ቆመዋል እኮ! ልጅቷ ትቅደም!» አሉ እትዬ ጌጤ።

«ሥርዓት! ቀድሞ የገባው አጀንዳ ግድግዳው ነው።»

ግድግዳው በአንድ ጊዜ አለፈ። ያ ሁሉን ነገር የሚቃወመው ጎረቤታችን እንኳ ጎርሶ ስለነበር መናገር አልቻለም። ያለ ፈቃድ በማፍረሳችን ደግሞ ቅጣት ተወሰነብን፤ ከእንግዲህ ስብሰባው ሁሉ በእኛ ቤት፣ በእኛ ዳቦና ሻይ እንዲሆን። አስካለ ከደስታዋ ብዛት ቅጣት መሆኑ አልገባትም።

ሻምበል ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። እኔም ወጉ እንዳይቀር ብዬ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።

«እንግዲህ... ዘመድ እስክናማክር ሌላ ቀን ብትመለሱ...»

«ማንን ነው የምታማክረው?» አሉ ሻምበል። «ይኸው ሞልተንልሃል! ማህሌት ለዮናስ ትሰጥ የምትሉ፣ እጅ!»

እጅ ብቻ ሆነ። አስካለ ሁለቱንም አወጣች። ሸምሱ የበግ እግር እንደያዘ እጁን አነሳ። ማህሌት መጀመሪያ ጣቷን ብቻ ብቅ አደረገች፤ ከዚያ እየሳቀች ሙሉ እጇን። አጎትየውም ሲያነሱ ሻምበል «እንግዳ ድምፅ አይሰጥም» ብለው አስወረዷቸው።

«የሚቃወም?»

አንድም እጅ አልወጣም።

«ድምፀ ተዓቅቦ?» አሉ፣ ደንቡ እንዲሟላ ያህል።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ምን ሆኑ ብዬ ቀና ስል አንድ እጅ ተነስቷል። የእኔ ነው። መቼ እንዳነሳሁት እግዚአብሔር ይወቅልኝ። ለዚህች ቀን ብዬ ሳስነጥስ የከረምኩ፣ ግድግዳ ያስፈረስኩ ሰው፣ ቀኗ መጥታ ፊቴ ስትቆም ልጄን እሺ ውሰዷት ማለት አቃተኝ። ላወርደው ብሞክር እጄ እምቢ አለ፤ እንባዬም መጣ፤ የበርበሬ ነው እንዳልል በርበሬ የለም።

ማህሌት ሰዉን እየከፈለች መጣች። «አባዬ» አለችና የተነሳውን እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀስ አድርጋ አወረደችው። ካወረደችውም በኋላ አልለቀቀችውም።

ሻምበል ዓይናቸውን በከረባታቸው ጠረጉ።

«በሙሉ ድምፅ አልፏል» አሉ።